በትንሽ ብር የግራፊክስ ዲዛይን ኮምፒውተር፦ ገንዘባችንን የት ላይ እናውጣው?

መራዊ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ የዲዛይንና የሕትመት ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ወጣት ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ኮምፒውተር ነው። ብሩ ብዙ ጊዜ የእቁብ ወይም የብድር ነው፤ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ሥራው ደግሞ ወቅት አለው። ለጥር ሰርግ የታዘዘ የጥሪ ካርድ የካቲት ላይ ቢደርስ ማን ይቀበላል?

ሱቅ ስንገባ ቶሎ የምንሰማው ምክር "ሥራህ ግራፊክስ ከሆነ ግራፊክስ ካርድ ያለው ውሰድ" የሚል ነው። ስሙ ስለተመሳሰለ እውነት ይመስላል። ለባነር፣ ለጥሪ ካርድ፣ ለማኅተምና ለዕቃ መለያ ሥራ ግን ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ብሩን ያላስፈላጊ ቦታ ያስወጣል። ኮምፒውተር የሚፈጥነው ሥራው ተሰልፎ የሚጠብቅበትን ጠባብ በር ስናሰፋ ነው፤ ሌላውን በር ብናሰፋው ሰልፉ አይቀንስም። ስለዚህ በሩ የት ጋ እንደሚጠብ በስሌት እንፈልገው።

መጀመሪያ ሥራችሁን በፒክሰል ቁጠሩ

አንድ ኤ3 ወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ሲዘጋጅ 3508 በ4961 ፒክሰል ነው። ሲባዛ 17.4 ሚሊዮን ፒክሰል ይሆናል። ለሕትመት እያንዳንዱ ፒክሰል አራት የቀለም ቁጥሮች ስለሚይዝ (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) አንድ ሙሉ ሌየር 70 ሜጋባይት ገደማ ይፈልጋል። 20 ሙሉ ሌየር ካለ 1.4 ጊጋባይት ደረስን ማለት ነው። ፎቶሾፕ ወደኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው ታሪክና ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው ሲጨመርበት 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ለምን እንደሚንገዳገድ ግልጽ ነው።

ባነር ላይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባነር በ300 ነጥብ ከተሠራ አንዱ ሌየር ብቻ 1.67 ጊጋባይት ይሆናል! ግን እስቲ እንጠይቅ፦ 300 ከየት መጣ? ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ያህል ስፋት ሲኖር ነው። ወረቀት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስናነብ ይህ 0.087 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ኢንች ሲሰላ 290 ነጥብ ገደማ ነው። የ300 ምንጩ ይኸው ነው። መንገድ ዳር የተሰቀለን ባነር ግን ከ3 ሜትር በላይ ርቀን ነው የምናየው። በዚያ ርቀት 30 ነጥብ ይበቃል ማለት ነው። ለጥንቃቄ 72 ብናደርገው እንኳ ያ 1.67 ጊጋባይት ወደ 96 ሜጋባይት ይወርዳል። አንዲት ቁጥር በመቀየር ብቻ ሥራው በ17 እጥፍ ቀለለ፤ አንድም ዕቃ አልገዛንም።

ጽሑፍና ሎጎም እንዲሁ ነው። በኢለስትሬተር፣ በኮረልድሮው ወይም ነጻ በሆነው ኢንክስኬፕ ሲሠሩ የሚቀመጡት በሒሳብ መስመርነት እንጂ በፒክሰል አይደለም። የግዕዝ ፊደል ባነር ላይ የቱንም ያህል ቢተልቅ ፋይሉ አይከብድም፣ ጠርዙም አይሰበርም።

ራምና ኤስኤስዲ፦ ጠባቡ በር እዚህ ነው

ራም ሲሞላ ፕሮግራሙ ትርፉን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ያ ዲስክ የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ አለቀ፤ የመዳፊቷ ምልክት ስትሽከረከር መቀመጥ ነው። ምክንያቱ ሜካኒካል ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ግማሽ ዙር ለመዞር 4 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚያነበው ክንድ ቦታው እስኪደርስ ደግሞ ሌላ 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ስለዚህ የተበታተነ መረጃ ከሆነ በሰከንድ ከ75 ጊዜ ብዙም የዘለለ አይደርስም። ኤስኤስዲ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ክንድ የለውም፤ በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ ያነባል። አምስትና ስድስት ዓመት ያገለገለ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ሲገባለት እንደ አዲስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ራም 16 ጊጋባይት ይሁን፤ ብር ካጠረ በ8 ጀምራችሁ ባዶ ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ ምረጡ። 16ቱንም በአንድ ፍሬ ከምትገዙ ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መንገዱ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ምስልም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነውና።

ፕሮሰሰር፦ "አይ7" የሚለው ተለጣፊ አያታላችሁ

ከስሙ ይልቅ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ7-2600 ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን አራት ኮር አለው። አይ5-8500 ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ በ2018 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው። "አይ5" ቢባልም በብዙ ይበልጣል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለውም የኢንቴልን ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ አብቅቷል።

የኮር ብዛትስ? ጂን አምዳል የተባለው መሐንዲስ በ1967 ያሳየው ነገር እዚህ ይጠቅማል። ከሥራው ግማሹ ብቻ ለብዙ ኮር የሚከፋፈል ቢሆን በአራት ኮር 1.6 እጥፍ፣ በስምንት ኮር ደግሞ 1.78 እጥፍ ነው የሚፈጥነው። ኮሩ በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱ የጨመረው በ11 ከመቶ ብቻ ነው! ብዙዎቹ የዲዛይን ሥራዎች እስከመጨረሻው የሚከፋፈሉ ስላልሆኑ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል።

ግራፊክስ ካርድ መቼ ያስፈልጋል?

ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል የምትሠሩ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸውን መሣሪያዎች አዘውትራችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ያስፈልጋችኋል። ለካርድና ለባነር ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በኋላ ልጨምር የምትሉ ካላችሁ ትንሿን ቀጭን ሳጥን ሳይሆን ትልቁን (ታወር) ግዙ። ቀጭኗ አጭር ካርድ ብቻ ነው የምትቀበለው፤ የኃይል ሳጥኗም አቅሙ ትንሽ ነው።

ስክሪኑን አትናቁት

ደንበኛ የሚከፍለው ለቀለሙ ነው። "ቲኤን" የሚባለው ርካሽ ስክሪን ጭንቅላታችሁን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ቀለሙ ይቀያየራል፤ "አይፒኤስ" የሚባለው ግን ከየትም ቢታይ ያው ነው። ያም ሆኖ ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ደግሞ ብርሃን ይውጣል። ስክሪን ላይ ያበራ የነበረው ሰማያዊ ታትሞ ሲመጣ ወይን ጠጅ የሚመስለው በዚህ ነው። ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው፦ የምታዘወትሯቸውን ቀለሞች ከነቁጥራቸው በራሳችሁ ማተሚያ አትማችሁ ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፏቸው፤ ቀለም ስትመርጡ ወረቀቱን እመኑ።

መብራቱም የኮምፒውተሩ አካል ነው

መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ እየተቀመጠ ከሆነ ራሱ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ 110 ዋት ቢወስዱ በወረቀት ላይ 46 ደቂቃ ያቆያል። በተግባር ባትሪው በፍጥነት ሲጠባ የሚሰጠው ስለሚቀንስና በመቀየሪያውም ስለሚባክን ከግማሽ በታች ጠብቁ። እዚህ ላይ 170 ዋት የሚበላ እንደ አርቲኤክስ 3060 ያለ ካርድ ብንጨምር 280 ዋት ይሆናል፤ የወረቀቱ ስሌት ራሱ ወደ 18 ደቂቃ ይወርዳል። ስለዚህ የማያስፈልግ ካርድ የሚያስከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ሱቅ ውስጥ፣ አንዴ መብራት በጠፋ ቁጥር።

ብሩን እንዴት እንከፋፍለው?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በመቶኛ ማሰብ ይሻላል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦

- ያገለገለ ባለ ስምንተኛ ትውልድ ዴስክቶፕ፦ ከ100 ብር 45
- አይፒኤስ ስክሪን፦ 25
- ኤስኤስዲና ተጨማሪ ራም፦ 15
- ዩፒኤስ፦ 10
- ቅጂ ማስቀመጫ ውጫዊ ዲስክ፦ 5

ላፕቶፕስ? ባትሪው ራሱ እንደ ዩፒኤስ ያገለግላል፤ ግን በተመሳሳይ ዋጋ ዴስክቶፕ የተሻለ አቅምና ስክሪን ይሰጣል፣ ክፍሉም በቀላሉ ይቀየራል። ያገለገለ ላፕቶፕ ካሰባችሁ የባትሪውን ዕድሜ ሳታዩ አትክፈሉ።

በመጨረሻም፣ ዕቃውን ባሕር ዳር ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ የመራዊ ሰው ተመልሶ መቀየር አይከብደውም፤ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ለመጣ ግን አንድ ቀን ይቃጠላል። ስለዚህ ሳትከፍሉ እዚያው ፈትሹ። የታስክ ማናጀርን የፐርፎርማንስ ገጽ ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና የራሙን መጠን አንብቡ፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዩ። ከሁሉም በላይ ግን ነጻ የሆነውን ጂምፕና ከሥራዎቻችሁ ከባዱን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክፈቱት፣ አዙሩት፣ አስቀምጡት፣ ግማሽ ሰዓት አሠሩት። ድምፁ ካልጮኸ፣ ካልጋለና ካልተንገዳገደ ያ ኮምፒውተር ተለጣፊው ምንም ይበል ምን የእናንተ ነው።