ግንቡን ከማየታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስቡ

ባለቤቴና እኔ ከተጋባን ሃያ አንድ ዓመት ሆኖናል። በእነዚህ ዓመታት ሐዋሳ፣ ነቀምቴ፣ አርባ ምንጭና ደሴ አብረን ሄደናል። የሄድነው ግን ወይ ለኮንፈረንስ፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለሰርግ ነበር። አንድ ቀን ጌጃ ሰፈር ባለው ቤታችን የመጨረሻዋ ልጃችን የፎቶ አልበም ስታገላብጥ ቆየችና «እማዬ፣ ከሰርጋችሁ በኋላ አንቺና አባዬ ብቻችሁን የተነሣችሁት ፎቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ።

በዚያ ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ለሦስት ቀን ጎንደር ለመሄድ ወሰንን። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ስማር ጀምሮ ያቺን ከተማ ማየት እመኝ ነበር። አንድ ባዶ የወተት ጣሳ አስቀምጠን በየወሩ ከአስቤዛው የተረፈውን እዚያ መክተት ጀመርን።

ጣሳው የቀለለ ዕለት

በሰባተኛው ወር ጣሳውን ሳነሣው ቀለለኝ። ባለቤቴን ጠየቅሁት። «አንድ ወንድም ሚስቱ ሆስፒታል ገብታበት ማስያዣ ቸግሮት መጣ፤ ሰጠሁት። አንቺም ብትሆኚ ትሰጪው ነበር» አለኝ።

«እሰጠው ነበር። ግን አልጠየቅኸኝም» አልኩት።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ እውነቱን ልናገርና በሚቀጥለው እሑድ እርሱ ሲሰብክ አሜን ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ሦስት ቀን ያህል «ምሳ ቀርቧል»ና «እሺ» ከመባባል ያለፈ ንግግር በቤታችን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ልጆቹ ከተኙ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠና «ሰውን ለመርዳት አንቺን ማማከር እንደማያስፈልገኝ አድርጌ ስኖር ቆይቻለሁ። ይቅር በይኝ» አለ። እኔም ንዴቴ ከጣሳው በፊት የጀመረ መሆኑን ነገርኩት። ራት ቀርቦ ስልክ እያነጋገረ የወጣባቸውን ምሽቶች፣ ለሌሎች ባለትዳሮች ምክር እየሰጠ እኔን «ነገ እናወራለን» ያለባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ለዓመታት ዝም ብዬ በልቤ መቁጠሬም የእኔ ጥፋት ነበረና እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት።

በዚያ ሌሊት ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ለችግረኛ የሚሰጥ ገንዘብ በሌላ ፖስታ ለብቻው ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የሁለታችን የሆነው ጣሳ ሁለታችንም ሳንስማማ አይከፈት። ከዚያም እንደገና ከዜሮ ጀመርን።

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 14፥28 ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ያስተምራል። ቃሉ ስለ ደቀ መዝሙርነት የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ግንብ ለማየት ለሚሄድም ሰው ይጠቅማል። ስለዚህ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ ምግብ፣ ታክሲ፣ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ፣ እንዲሁም ላልታሰበ ነገር የሚሆን መጠባበቂያ ጻፍን። ልጆቹን የሚጠብቁት እትዬ ለሚያወጡት አስቤዛም ጨመርን። ብዙ ቤተሰብ ይህን የመጨረሻውን ይረሳዋል።

ጊዜውንም መረጥን። ለጥምቀት ጎንደር በሰው ትጨናነቃለች፤ አልጋም ይወደዳል። ጸጥታ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ክረምቱ ሲወጣ፣ ምድሩ ገና አረንጓዴ ሳለ በጥቅምት ቢሄዱ ይሻላል። ቀኑን ደግሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አደረግነው፤ ለአገልጋይ እሑድ የእረፍት ቀን አይደለምና።

ስለ ጸጥታው ሁኔታ ሳላነሣ ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ብዙ መከራ አይቷል። ስለዚህ እኛ የመኪናውን መንገድ ትተን አውሮፕላን መረጥን። በከተማው የሚኖሩ ወገኖችን ስንወስን አንድ ጊዜ፣ ልንነሣ ሁለት ቀን ሲቀረን ደግሞ ሌላ ጊዜ ደውለን ጠየቅን። «አሁን አትምጡ» ቢሉን ኖሮ እንቀር ነበር። ጥንቃቄ ከእምነት ጋር አይጣላም።

ጎንደርን ማን ሠራት?

ብዙዎቻችን «ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው» እየተባልን አድገናል። ታሪኩ ግን ከዚህ ይሰፋል። በ1541 እ.ኤ.አ. በክርስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቹጋል ወታደሮች ወደ አገራችን ገቡ። ከእነርሱ በኋላ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መጡ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በሕዝቡ ላይ በመጫናቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ሚስዮናውያኑን አስወጡ፤ ጎንደርንም የመሠረቷት ከዚያ በኋላ በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን መግባቱ እውነት ነው፤ በሕንጻዎቹም ላይ የአውሮፓ፣ የሕንድና የዐረብ አሠራር ይታያል። ነገር ግን ከተማዋ የኢትዮጵያውያን ነገሥታት ከተማ ናት። ከፋሲል በኋላ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ሕንጻ ጨምረዋል። ዩኔስኮም የፋሲል ግቢን በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ፒተር ሄይሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ሉተራዊ በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ በዐፄ ፋሲል ዘመን ኖሯል። የዮሐንስን ወንጌል ወደ አማርኛ እንደ ተረጎመም ይነገርለታል። ይህን ስነግረው ባለቤቴ «እንግዲያው የምንሄደው ወደ ባዕድ ታሪክ አይደለም» አለ።

ሦስቱ ቀናት

ሰኞ ጠዋት ከቦሌ ተነሥተን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚያልፍ በረራ አዘዞ ደረስን። ከሰዓት በኋላ ዙሪያው 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበውን የፋሲል ግቢ በእግራችን ተመለከትን። ምቹ ጫማ ያስፈልጋል፤ ደረጃው ብዙ ነው። አስጎብኚ መያዝም አይቆጭም።

ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ይህ በቀዳማዊ ኢያሱ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በ1888 እ.ኤ.አ. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቷል። ነጠላዬን ለብሼ፣ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ወደ ሌላው ሰው የጸሎት ቤት ስንገባ የቤቱን ሥርዓት ማክበር የክርስቲያን ወግ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ በጥቅምት ደረቅ ነው፤ በአጥሩ ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ግን ብቻቸውን ያስገርማሉ። ጎርጎራን ሆን ብለን ተውነው፤ ከከተማ ይርቃል፤ ሦስት ቀንም ሁሉን አይበቃም።

ማታ ላይ አንድ ወዳጃችን «ከመጣችሁ አይቀር ነገ ጠዋት ቃል አካፍለን» ብሎ ባለቤቴን በስልክ ለመነው። እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ጥቂት አመነታና «ወንድሜ፣ ለነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ» አለው። ረቡዕ ጠዋት እስከ በረራው ሰዓት ቡና እየጠጣን ስናወራ ዋልን። ለካ ይህን ያህል የምናወራው ነበረን!

ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ጠርቷቸው ነበር (ማር 6፥31)። ጎንደር መሄድ ለማይችል ቤት የአንድ ከሰዓት የእግር ጉዞም ይበቃል። ዋናው ቀኑን መቁረጥና መጠበቅ ነው።

በመዋኛው አጥር አጠገብ ዘበኛውን ለምነን ፎቶ አነሣን። ባለቤቴ ፀሐይ ዐይኑን ወግታው ፊቱን አኮማትሯል፤ የእኔም ነጠላ ተንሸራቷል። ልጃችን ግን አሳትማ በአልበሙ ውስጥ ከሰርጋችን ፎቶ ቀጥላ ለጥፋዋለች። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።

ባልና ሚስት የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ሁለታችን ብቻ ሆነን ጊዜ የወሰድነው መቼ ነበር?
2. ሳንማከር የምናወጣው ገንዘብ አለን? ለበጎ ሥራ ቢሆንስ?
3. ለዓመታት በልባችን የቆጠርነውና ያልተናገርነው ነገር ምንድን ነው?