ዘይቱ የት ቀረ? ስለ ሞተር መጋዝ የሰንሰለት ቅባት ጉድለት



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርዕስ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እኔ ግን ለደን ተማሪዎች የምክንያትና የውጤትን አመራመር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትንሽ ምሳሌ አላገኘሁም። ጥያቄው አጭር ነው፤ በመጋዙ ውስጥ ዘይት አለ፣ ሰንሰለቱ ግን ደርቆ ይዞራል። ዘይቱ የት ቀረ?

በቅድሚያ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን ልግለጽ። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሙሉ ፍጥነት ሲዞር በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሚጓዘውም ባር በምንለው ጠፍጣፋ ብረት ጠርዝ ላይ በወጣች ጠባብ ቦይ ውስጥ ነው። ብረትን ከብረት የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ባሩ ይግላል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ሰንሰለቱም በሙቀት ረዝሞ ይላላል። ሠራተኛው መላላቱን ያይና ያጠብቀዋል። የጠበቀው ሰንሰለት ሰበቃውን ያብሰዋል፤ ሰበቃው ደግሞ ሙቀቱን። የላላ ሰንሰለት ከባሩ ሊወጣ ይችላል፤ ከመጠን በላይ የተሠቃየ ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ከመጋዙ በስተኋላ የሚገኘው የአንድ ሰው እጅና እግር ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። በገለጻዬ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሚኒሞ፣ ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላት እጠቀማለሁ። ጣሊያን ትቷቸው የሄደ የጋራዥ ቃላት ናቸው፤ ነገ በሥራ ላይ የምታገኙት መካኒክ የሚናገረው ግን እነርሱን ነው።

አሁን የዘይቱን መንገድ እንከተል። ከማጠራቀሚያው በትንሽ ፊልትሮ ያልፋል፤ በጎማ ቱቦ ወደ ፓምፑ ይገባል፤ ፓምፑ ገፍቶ በመጋዙ አካል ላይ ወዳለች መውጫ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በባሩ ላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ቦዩ ይገባል፤ በመጨረሻም የሰንሰለቱ ጥርሶች እየጎተቱ እስከ ባሩ ጫፍ ያደርሱታል። በብዙዎቹ ዘመናዊ መጋዞች ፓምፑን የሚያዞረው የፍሪሲዮኑ ከበሮ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራና ሰንሰለቱ ሲቆም ዘይትም ይቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ይሁንና በዚህ ምክንያት ብቻ የተፈታ ፓምፕ ጥቂት አይደለም።

ጉድለት መኖሩን ለማወቅ ምንም መፍታት አያስፈልግም። መጋዙ የሚሠራው ቤንዚኑ ከዘይቱ ቀድሞ እንዲያልቅ ተደርጎ ነው። አንድ ሙሉ ቤንዚን ሲያልቅ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ሊጎድል ጥቂት ብቻ የቀረው መሆን አለበት። አሁንም እንደ ሞላ ከሆነ መንገዱ አንድ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ፈተና የባሩን ጫፍ አዲስ በተቆረጠ ጉቶ ወይም በነጭ ወረቀት ፊት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ ሳያስነኩ፣ ሞተሩን ከግማሽ በላይ አስነሥቶ አንድ ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ጤነኛ መጋዝ ጉልህ የዘይት መስመር ይረጫል።

መስመሩ ካልታየስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፓምፑን ይጠረጥራል። እኔ መንገዱን ከመሐል ክፈሉት እላለሁ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ ባሩንና ሰንሰለቱን አውልቁ፤ መውጫዋን አጽዱ። ከዚያ ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ፣ ልብሱንና እጁን ከሚዞረው ከበሮ አርቆ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ያስነሣ። ከመውጫዋ ዘይት ከፈለቀ ማጠራቀሚያው፣ ፊልትሮው፣ ቱቦውና ፓምፑ በአንድ ጊዜ ከክሱ ነጻ ወጡ። ጥፋቱ ባሩ ላይ ነው። ካልፈለቀ ባሩን ተዉትና ወደ ውስጥ ግቡ።

እንደ እኔ ትዝብት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ባሩ ላይ ይገኛል። ሰጋቱራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ በቦዩ ውስጥ እንደ ጭቃ ይጠቀጠቃል። የፈረንጅ ጽድ ስትቆርጡ ሙጫው ይጨመርበታል። የደነዘዘ ሰንሰለት ደግሞ እንጨቱን በመላጥ ፈንታ ስለሚፈጨው ዱቄት የመሰለ ሰጋቱራ ያወጣል፤ ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። ስለዚህ የዘይት ጉድለት መነሻው አንዳንድ ጊዜ ያልተነካ ሞረድ ነው። ቦዩን በቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ጥረጉ፤ ቀዳዳዋን በሽቦ ክፈቱ። ባሩ ከሌላ ዓይነት መጋዝ የመጣ ከሆነም ቀዳዳው ከመውጫዋ ጋር ትይዩ መሆኑን ተመልከቱ፤ ካልተገጣጠሙ ዘይቱ በጎን ይፈስሳል እንጂ ወደ ቦዩ አይገባም።

ጥፋቱ ከውስጥ ከሆነ፣ ማስተካከያ ብሎን ባላቸው መጋዞች መጀመሪያ እርሱን በካቻቢቴ እዩ፤ አንድ ሰው ዘይት ልቆጥብ ብሎ ቀንሶት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የምጠረጥረው ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚረሱትን ነው፤ የአየር ማስገቢያውን። ከማጠራቀሚያ ዘይት ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ማስገቢያው ከተደፈነ በውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው እያነሰ ይሄዳል፤ ፓምፑ ይስባል፣ የጎደለው ግፊትም መልሶ ይስባል። ምልክቱ ልዩ ነው፤ መጋዙ ሲጀምር በደንብ ያጠጣል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደርቃል፣ ክዳኑ ሲከፈት እስ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያም እንደገና ያጠጣል። ፊልትሮው ከተደፈነ ግን ክዳኑን መክፈት ለውጥ አያመጣም። ፊልትሮውን በሽቦ መንጠቆ አውጥቶ ማጠብ፣ ቱቦው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት ነው።

ስለ ዘይቱ ስለ ራሱ ጥቂት ልቆይ። በየቦታው የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አንዳንዴም ናፍጣ የተቀላቀለበት፣ ሲጨመር አያለሁ። ርካሽ ነውና ምክንያቱ ይገባኛል። ናፍጣ የቀጠነው ዘይት ያን የወረቀት ፈተና እንኳ ያልፋል፤ መስመሩ ያምራል። ፈተናው ግን የሚነግረን ዘይት መፍሰሱን እንጂ ማለስለሱን አይደለም። የሰንሰለት ዘይት የሚያጣብቅ ቅመም የሚጨመርበት ሰንሰለቱ በባሩ ጫፍ ላይ ሲታጠፍ ተወርውሮ እንዳይጠፋ ነው፤ ቀጭኑ ድብልቅ ግን ከማለስለሱ በፊት ተረጭቶ ያልቃል። የተቃጠለው ዘይት በተጨማሪ የብረት ብናኝ ይዞ ፓምፑን ይፍቃል፤ ለቆዳም መርዛማ ነው፣ የተረጨውም በአፈሩ ላይ ይቀራል። ከአትክልት የሚሠራው ዘይት ለአፈር ይሻላል። ነገር ግን መጋዙ ለወራት ሲቀመጥ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ስለሚጋግር፣ ከማስቀመጥ በፊት መንገዱን ማጠብ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ዘይት ካልመጣ፣ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን አውልቁና ፓምፑን እዩ። ፓምፑን የሚያዞረው ጥርስ በአንዳንድ መጋዞች ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት በሚፈጠረው ሙቀት ይቀልጣል ወይም ይላጣል። የቀለጠ ጥርስ ካገኛችሁ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ፍሪሲዮኑ ለምን እንደጋለ ጠይቁ፤ ፍሬኑ ተይዞ እያለ ነዳጅ የሚሰጥ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። አዲሱን ስትገጥሙ ማጠራቀሚያውን ሙሉ። ቱቦው ውስጥ አየር ስለሚኖር ዘይቱ ወዲያው አይመጣም፤ ባሩንና ሰንሰለቱን መልሳችሁ፣ ነጩን ወረቀት አስቀምጣችሁ፣ እንደገና አንድ ደቂቃ ጠብቁ።