ደቡብ ጎንደር ስንት ሰው ይኖርበታል?

ስለ ደቡብ ጎንደር ዞን የሕዝብ ብዛት በቆጠራ የተረጋገጠው የመጨረሻ ቁጥር 2,051,738 ነው። የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ደርሷል፤ እነሱን የሚጨምር አዲስ ቆጠራ ግን እስካሁን አልተካሄደም። ከዚያ ወዲህ ለበጀት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለመድኃኒት የሚቀርበው አኃዝ ሁሉ ከዚያ ቁጥር ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው።

ግምቱ ለምን እንደሚያከራክር ለመረዳት መጀመሪያ አገሩን ማወቅ ይበጃል። ዞኑ 14,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በምዕራብ ጣና፣ በደቡብ ዓባይ ያዋስኑታል፤ መሐሉ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። በጉና ሥር ያለው የፋርጣ ደጋ ገብስና ድንች ያበቅላል። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ ክረምት ሲበረታ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ውኃ ይተኛበት የነበረው ያ ሜዳ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተዋወቁበት ወዲህ የአገሪቱ ዋና የሩዝ ማሳ ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው ወረታ ነው። በምሥራቅ፣ በደቡብና በሰሜን ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ደግሞ መሬታቸው የተጎዳ፣ ዝናባቸው የማያስተማምን ነው። እዚያ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን የሚገፋው በሴፍቲኔት ድጋፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን የሚለው ድምር አንድ ዓይነት ኑሮ ያለውን ሕዝብ አይወክልም።

የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ታቦርም ራሷ ስትሞላና ስትጎድል የኖረች ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መናገሻቸው አደረጓት፤ ኋላም የራስ ዓሊ መቀመጫ ሆነች። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ከዓሊ ጋር የገጠሙትን ጦርነት አሸንፈው፣ ድሉን ሲያከብሩ ተማረኩ። ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ዓሊን አይሻል ላይ ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ፣ በአጠገቧ ባለችው ጋፋት መድፍ አሠሩ። ወደ መቅደላ ሲነሱም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ ከተማዋን አቃጥለው ሄዱ። ዐፄ ዮሐንስም በተራቸው ተቀመጡባት። ንጉሥና ሠራዊት ሲሰፍርባት ሕዝቧ ይበዛል፣ ጉዞ ሲነሳ ይሳሳል። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከወደቁ በኋላ፣ በጣሊያን ዘመን የአስተዳደሩ መዲና ጎንደር ሲሆን ደብረ ታቦር ቀዘቀዘች።

ዳግም ያነሷት መንገድና መሥሪያ ቤት ናቸው። ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኘው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና በመሐሏ ያልፋል፤ የዞን ዋና ከተማነቷም ሠራተኛና ነጋዴ ሳበ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 22,000 ያህል የነበረው ነዋሪዋ በ1999 ዓ.ም. 55,596 ሆኖ ተገኘ። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ተማሪውና መምህሩ፣ አከራዩና ምግብ ቤቱ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከተማዋ ከእጥፍ በላይ ስታድግ፣ ዞኑ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የጨመረው 16 በመቶ ብቻ ነው። የአማራ ክልል ቁጥርም አከራከረ። በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ ይፋ ሲሆን ክልሉ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ፤ አስቀድሞ ከተተነበየው ከሁለት ሚሊዮን በላይ በሆነ ቁጥር ያንሳል። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። «ሕዝባችን የት ገባ?» የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የወሊድ መቀነስን፣ ፍልሰትንና የትንበያውን መጋነን ምክንያት አድርገው አቀረቡ። የወሊዱ ነገር ማስረጃ አለው፦ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በክልሉ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ1997 ዓ.ም. 5.1 ልጅ ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 3.7 ወርዷል። ፍልሰቱም የማይካድ ነው። የደጋው ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። በ1997 ዓ.ም. በዞኑ ሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ሲነሳ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ሲጣራ ግን ከቆላው የሚመጣው በሽታ ደጋው ላይ ተገኘ፤ ባለሙያዎችም ከወቅታዊ ሠራተኛው ምልልስ ጋር አያያዙት። ይሁንና እነዚህ ምክንያቶች ከጎደለው ሰው ምን ያህሉን እንደሚያስረዱ የሚመልስ ሌላ ቆጠራ እስካልተካሄደ ድረስ ጥርጣሬው በቦታው ይቆያል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልልም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ያዛል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ፤ ለቆጣሪዎች ታብሌት ሳይቀር ከተገዛ በኋላ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በጸጥታ ምክንያት ደግመው አራዘሙት። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የትግራዩ ጦርነት ጋይንት ድረስ ገባ፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ሰው ተፈናቅሎ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ቆጣሪው በሰላም ደርሶ በር በማያንኳኳበት ጊዜ የሚደረግ ቆጠራ ከ1999ኙ የባሰ ክርክር ይወልዳል።

ስለዚህ ሰላም ከቆጠራ መቅደም አለበት፤ ቆጠራው ሲመጣም ዘዴውና ዝርዝር ውጤቱ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን። እስከዚያው ግን በየቀበሌው ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ተጀምሯል፤ ልደት በ90 ቀን፣ ሞትና ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። መዝገቡ ቆጠራን አይተካም፤ በደንብ ከተያዘ ግን ለቀጣዩ ቆጠራ ማመሳከሪያ ይሆናል። ልጅ የተወለደላችሁ፣ ቤተሰብ የሞተባችሁ፣ ወደ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።