ፀሐይ የሞላባት ድሬ፣ የቫይታሚን ዲ ክኒንና የእንቅርት መድኃኒት

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይን የሚፈልግ ሰው የለም። እኩለ ቀን ሲቃረብ ሱቁ በሩን ይዘጋል፣ ነጋዴው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፣ ባጃጅ ነጂው ከዚራ ሰፈር ካለ ዛፍ ሥር ጥላ ይይዛል። ከተማው እንደገና ነፍስ የሚዘራው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። መልካ ጀብዱ በኩል ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ለምሳ እንቅልፍ የሚሆን ሰዓት የለውም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኖ የተከፈተው ይህ ሰፈር ሠራተኛውን ጠዋት በሰርቪስ ይቀበላል፤ ሠራተኛው ሼድ ውስጥ በአምፖል ብርሃን ይውልና ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይወጣል። አንዱ ፀሐይን የሚሸሸው በሙቀቱ፣ ሌላው በሥራው ምክንያት ነው። በሁለቱም ቆዳ ላይ ያረፈው ጨረር ግን ኢምንት ነው።

«የ13 ወር ፀጋ» የሚባልላት አገር የቫይታሚን ዲ እጥረት አለባት ሲባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። ሐኪሞቻችን ፈገግ ካላሉ ግን ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች ከተያዙ 500 ሕፃናት መካከል 42 በመቶው ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ) ነበረባቸው። የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 4 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወይንሐረግ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው የአዲስ አበባን ሰዎች ደም ከኖርዌይ ሰዎች ደም ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የዓመቱን ግማሽ በጨለማና በበረዶ የሚያሳልፉት ኖርዌያውያን ከእኛ የተሻለ ቫይታሚን ዲ ይዘው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአዳማ አካባቢ ጥናት ደግሞ ተማሪዎችን መረመረ። በከተማ ከሚማሩት 61.8 በመቶው፣ በገጠር ከሚማሩት 21.2 በመቶው እጥረት ታየባቸው። ሰማዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የአዋዋል ነገር ነው።

ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ልብስ የሸፈነው ገላ አይሠራም፣ በመስታወት አልፎ የሚገባ ብርሃንም አይጠቅምም። ሰዓቱም ይወስናል። ጨረሩ የሚበረታው ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ነው፤ በእኛ ምድር ይህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ግድም መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰዓት ድሬ ጥላ የምትይዝበት፣ ፓርኩም ማሽኑን የሚያሽከረክርበት ሰዓት ነው። እናቶቻችን ሕፃኑን ቅቤ ቀብተው የሚያሞቁባት የማለዳ ጀምበርም ለዚህ ጉዳይ ገና ጉልበት የላትም።

የታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ ታሪካችን መነሻ ደግሞ ጨው ነው፤ ዕጢው አዮዲን ሲያጣ አብጦ እንቅርት ይሆናልና። ዘውዴ ወልደገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት ከተማሪዎች 30.6 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። በዚያ ዘመን አዮዲን የገባበት ጨው ይመጣ የነበረው ከአሰብና ከምጽዋ ነው። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያው ወደ አፋር አፍዴራ ዞረ፤ የአፍዴራ ጨው ለዓመታት ያለ አዮዲን ተሸጠ። መንግሥት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በደንብ ቁጥር 204/2003 እስኪያስገድድ ድረስ አንድ ትውልድ አለፈ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ነበር፤ በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት እንዲህ የተመነደገ የጤና ሥራ በአገራችን ብዙ አይታይም፤ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም በጦርነቱና በደንቡ መካከል ከተወለዱት ልጆች ታላላቆቹ ዛሬ ማሽን ላይ የሚቀመጡ ሴቶች ናቸው። ለረጅም ጊዜ አዮዲን የተራበ፣ እባጭ ያበጀ ዕጢ ድንገት አዮዲን ሲያገኝ ደግሞ አንዳንዴ ከልክ በላይ መሥራት ይጀምራል፤ ዚምባብዌ ጨው ውስጥ አዮዲን ካስገባች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ አይታለች። ስለዚህ «ታይሮይድ አለብኝ» የምትል ሴት የትኛውን እንዳለባት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዕጢዋ ሰንፎ ነው ወይስ ከመጠን በላይ ሠርቶ ነው?

ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሰነፈ ዕጢ ያደክማል፣ ጡንቻ ያዝላል፣ ያስተክዛል። የቫይታሚን ዲ እጥረትም እንዲሁ ያደክማል፣ አጥንት ይቆረጥማል። የሌሊት ፈረቃ፣ የደም ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣትም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። እንግዲህ ስፌት ላይ የምትውል አንዲት ሴት ሰውነቷ እየዛለ ፋርማሲ ብትገባ፣ ከሁሉ በፊት እጇ የሚገባው ቫይታሚን ዲ ነው፤ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ስሙ ጥሩ ነው፣ «አይጎዳም» ይባላል። ክኒኑን ውጣ ትንሽ ቀለል ካላት ምርመራው ይቀራል፤ ዕጢው ሰንፎ ከሆነ በዚያው ይሰንፋል። የአበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ቫይታሚን ዲ ራሱ ታይሮይድን ያድናል ወይ? ማስረጃው ከማስታወቂያው በጣም ያንሳል። ሀሺሞቶ በሚባለው፣ ሰውነት የራሱን ዕጢ በሚያጠቃበት ሕመም፣ ቫይታሚን ዲ የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ ፀረ ዕጢ አካላት ቀንሰው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። የደም ቁጥር ቀነሰ ማለት ግን በሽተኛው ዳነ ወይም የሆርሞን ክኒኑን ተወ ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ የተከታተለው ቫይታል የተባለው ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱት ሰዎች ላይ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች በድምሩ 22 በመቶ ቀንሰው አገኘ። ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ታዲያ ተሳታፊዎቹ ከ50 ዓመት በላይ ነበሩ፣ ስለ ታይሮይድ ብቻውን ደግሞ የሚያስደፍር ነገር አልተገኘም። ዕጢያቸው ከልክ በላይ በሚሠራ የግሬቭስ ሕመምተኞች ላይ ዴንማርክ ውስጥ የተሞከረው ዕለታዊ 2,800 ዩኒትም ጥቅም አላሳየም። እንደ እኔ ሚዛን፣ እጥረት ያለበት ሰው ለአጥንቱና ለጡንቻው ሲል ይውሰድ፤ ታይሮይዱን ይፈውስልኛል ብሎ ግን አይግዛ።

የድሬው ሰው ይበልጥ ሊጨነቅ የሚገባው ስለ መድኃኒቱ መዋጫ ሰዓት ነው። ለሰነፈ ዕጢ የሚታዘዘው ሊቮታይሮክሲን ጠባየ ብዙ መድኃኒት ነው። ባዶ ሆድ ይፈልጋል፣ በውኃ ብቻ መዋጥ አለበት፣ ከቁርስ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻውን መቆየት አለበት። ቡና መምጠጡን ይቀንሰዋል፤ ወተትም ይቀንሰዋል። ድሬ ደግሞ ጠዋቷን የምትጀምረው በሻይ በወተት ነው። ሰርቪሱ እንዳያመልጣት የምትሮጥ ሠራተኛ ክኒኑን በሻይ በወተት አወራርዳ ብትወጣ፣ የዋጠችው 100 ማይክሮግራም ሁሉ ደሟ ውስጥ አይገባም። ከወራት በኋላ ምርመራው ከፍ ያለ ቲ ኤስ ኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚል የደም መለኪያ) ያሳያል፣ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ ጥፋተኛው ሻዩ እንደሆነ ማንም አይጠረጥርም።

ቫይታሚን ዲ እዚህ መሐል የሚገባው በጓደኛው በኩል ነው። ብቻውን የቀረበ ቫይታሚን ዲ ከሊቮታይሮክሲን ጋር ይህ ነው የሚባል ጠብ የለውም። ገበያ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከካልሺየም ጋር አንድ ላይ የተጨመቀው ነው። ካልሺየም ካርቦኔት ሆርሞኑን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ሐኪሞች ሊቮታይሮክሲን የሚወስዱ 20 ሰዎች በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሺየም አብረው ለሦስት ወር እንዲውጡ አድርገው ነበር፤ አማካይ ቲ ኤስ ኤቻቸው ከ1.6 ወደ 2.7 ወጣ፣ ካልሺየሙ ሲቆም ወረደ። ብረትም ተመሳሳይ ጸባይ አለው። ነፍሰ ጡር ሴት ከጤና ጣቢያ የሚሰጣት ብረትና ፎሊክ አሲድ አስፈላጊዋ ነው፤ የእርግዝና ጊዜ ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞን ፍላጎት የሚጨምርበት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ውኃ ከዋጠቻቸው ሆርሞኑ በሚያስፈልጋት ጊዜ ይጎድልባታል። ካልሺየምና ብረት ከታይሮይድ ክኒኑ ቢያንስ በአራት ሰዓት መራቅ አለባቸው። ቫይታሚን ዲ ስብ ይወዳልና ከምሳ ወይም ከራት ጋር ቢወሰድ ለሁሉም ይመቻል።

የሌሊት ፈረቃ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከመጨረሻው ምግብ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሲተኛ ሊውጠው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት በመኝታ ሰዓት የተወሰደው ሊቮታይሮክሲን ከጠዋቱ እንደማያንስ፣ እንዲያውም እንደሚሻል አሳይቷል። በረመዳንም መንገዱ ይኸው ነው። ቫይታሚን ዲው ከኢፍጧሩ ጋር ይሄዳል፤ የታይሮይዱ ክኒን ወይ ሲተኛ፣ ወይ ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል። ይህ የሁለት ደቂቃ ምክር ነው። መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ደንበኛው በየትኛው ፈረቃ እንደሚሠራና ጾም እንደሚይዝ ካልጠየቀ ግን ማንም አይነግረውም።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ አምራቾች ሊቮታይሮክሲን ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ብለው ይጽፋሉ፤ ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀኑን 35 ዲግሪ ትደርሳለች። መድኃኒቱ በሙቀት፣ በእርጥበትና በብርሃን ጉልበቱን ያጣል። በማሸጊያው እንዳለ፣ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ እንጂ በቦርሳ ይዞ መዋል፣ መስኮት ላይ መተው ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሳጥን አናት ላይ መወርወር አይሆንም።

ዕጢያቸው ከልክ በላይ በሚሠራባቸው ሰዎች ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው። የበዛው ሆርሞን አጥንትን ይበላል፣ ከአጥንት የወጣው ካልሺየም አንዳንዴ ደም ውስጥ ከፍ ይላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ካልሺየሙ ሳይለካ 50,000 ዩኒት ያለው ክኒን መጨመር ጥማት፣ ማቅለሽለሽ፣ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ጎረቤት በሳምንት አንድ የታዘዘላትን ይህን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ደግሞ ለማንም አይሆንም፤ ለአዋቂ የተለመደው የቀን ፍላጎት 600 ዩኒት፣ ያለ ሐኪም የማይታለፈው ጣሪያ 4,000 ነው።

ቫይታሚን ዲ ምርጫ መሆኑ የሚቀርባቸው ሰዎችም አሉ፤ እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው። ከታይሮይዱ ጀርባ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ተለጥፈዋል፤ የደም ካልሺየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ከተጎዱ ካልሺየም ይወርዳል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሲብስ ሰው ይንቀጠቀጣል። ኩላሊት ተራውን ቫይታሚን ዲ ወደሚሠራው መልኩ የሚለውጠው በነዚህ ዕጢዎች ትእዛዝ ስለሆነ፣ ዕጢዎቹ የተጎዱባቸው ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ካልሲትሪዮል ወይም አልፋካልሲዶል የተባለው የተዘጋጀ ዓይነት ነው። «ቫይታሚን ዲ ዞሮ ዞሮ ቫይታሚን ዲ ነው» ብሎ ርካሹን መተካት አደጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ካልሺየምን በቀን ብዙ ጊዜ፣ የታይሮይድ ሆርሞንን ደግሞ በየቀኑ ዕድሜ ልክ ይወስዳሉና፣ ቅድም ያነሳነው የአራት ሰዓት ስሌት ከማንም በላይ የሚመለከተው እነሱን ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡት ድብልቅ ቫይታሚኖች ብዙ ጊዜ ባዮቲን አለባቸው። ባዮቲን ዕጢውን አይነካም፤ አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ግን ያታልላል፤ ጤነኛውን ሰው ዕጢው ከልክ በላይ የሚሠራበት ሊያስመስል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ለምርመራ ደም ከመሰጠቱ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማቆም ይገባል።

ሊቮታይሮክሲን ለሚወስድ ሰው መምጠጡን የሚነካ አዲስ ክኒን ከተጨመረ ወይም ሰዓቱ ከተቀየረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቲ ኤስ ኤች ማሳየት ያስፈልጋል። የቫይታሚን ዲ ምርመራ ግን ለጤነኛ ወጣት ሁሉ አይመከርም፤ የአሜሪካው የኢንዶክራይን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ብሏል። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ቅድሚያ ለቲ ኤስ ኤች ቢሰጥ ብልህነት ነው።

የገንዘቡ ነገር ከተነሣ፣ ይህ የሠራተኛዋ የግል ጥበብ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያስቆጨኛል። በደመወዝ የሚተዳደሩ ሠራተኞችን የሚሸፍነው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ትግበራው ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድኅን ደግሞ የተዘጋጀው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው። የፓርኩ ሠራተኛ በሁለቱ መሐል ወድቃለች፤ ለግል ዘርፉ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝም በአገሪቱ የለም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ቫይታሚን ኤ እና ዲ፣ የስንዴ ዱቄትም ንጥረ ነገር እንዲጨመርበት ግዴታ ማድረጉ ደግ ነው። ለሠራተኛ ምሳ የሚቀርብበት ድርጅት የሚገዛው ዘይት ይህን ያሟላ መሆኑን ማሸጊያውን አይቶ ማረጋገጥ ይችላል። የሼዶቹ አለቆችም ሻይ ዕረፍቱን ከጣሪያ ሥር ወደ ግቢው ቢያወጡት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለሩብ ሰዓት ክንድን ፀሐይ ማስነካት ወጪ አይጠይቅም። ለቲ ኤስ ኤች ምርመራው ግን እስካሁን የምትከፍለው ራሷ ሠራተኛዋ ናት።