ጋራዥ ያበላሸባችሁን መኪና ሌላ መካኒክ ከመንካቱ በፊት ይህን አንብቡ

አዳማ ላይ የመኪናችሁን ፍሪሲዮን አስቀየራችሁ እንበል። ከፍላችሁ ወደ መቂ ስትወጡ ገና ሞጆን ሳታልፉ ማርሽ አልገባም አለ። እዚህ ጋ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ዓይነት ነው፤ በንዴት መኪናውን አስጎትተን በቀጥታ ሌላ ጋራዥ እናስገባለን። ሁለተኛው መካኒክ ፈታቶ ይሠራውና "ያኛው ነው ያበላሸው" ይላል። ግን ማስረጃውም አብሮ ተፈታ። የመጀመሪያው ጋራዥ "ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር፣ ሌላ ሰው ነካክቶት ነው" ቢል ምን ትመልሳላችሁ?

ስለዚህ ምንም ሳይፈታ ስልካችሁን አውጡ። ድምፁን በቪዲዮ ቅዱ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ፎቶ አንሱ። ከዚያ የሠራውን ጋራዥ ጥሩት፣ መጥቶ ይየው። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ አይቶ ችግሩን በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ቢቻል ምስክር ባለበት። የወጣውን ዕቃ አትጣሉ።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ። ወረቀት ባትፈራረሙም ከጋራዡ ጋር ውል አላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ደግሞ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብላችሁ መብት ከመጠየቃችሁ በፊት ግዴታውን እንዲወጣ በማስጠንቀቂያ እንድትጠይቁት ይፈልጋል። በሁለት ኮፒ ጻፉት፣ አንዱ ላይ አስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ምስክር ይዛችሁ ስጡት፣ በቴሌግራምም ላኩለትና ስክሪንሾቱን አስቀምጡ።

ደረሰኝስ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ" የምትለዋ ነገር ግን ሁላችንንም ታታልለናለች (እኛንም አታልላናለች)። በቴሌብር ከከፈላችሁ ብሩ የገባው በማን ስም እንደሆነ እዩ። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቦታ ይዞ ለራሱ የሚሠራ መካኒክ ብዙ ነው፤ ባለቤቱ "የእኔ ሠራተኛ አይደለም" ሊላችሁ ይችላል።

መጠየቅ የምትችሉት ሥራው በነጻ እንዲደገም ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ ነው። ከዚያ በላይ የመጎተቻ፣ የተበላሸ ዕቃ፣ ባጃጅ ወይም ታክሲ ከሆነ የቆመበት ቀን ገቢም አለ፣ ካስረዳችሁ። የዕለት ገቢ የሚመዘግብ ደብተር ያለው ሹፌር እዚህ ጋ ይጠቀማል። ስድስት ወር አቁሞ የስድስት ወር ገቢ መጠየቅ ግን አያዋጣም፤ ሕጉ ተጎጂውም ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል። ችግሩ በጽሑፍ ከተያዘና ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ በኋላ ጋራዡ ዝም ካለ አሠሩት፣ ደረሰኙን ያዙ።

አብዛኛው ጉዳይ በሽማግሌ ያልቃል፣ እሱም ጥሩ ነው። ብቻ ስንት ብር፣ እስከ መቼ የሚለው ተጽፎ ይፈረም። ካልሆነ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት በሉ፣ ለካሳው ደግሞ ፍርድ ቤት አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማስጠንቀቂያውንም ከመጀመሪያው በዚያው ቋንቋ ብታጽፉት የትርጉም ወጪ ይቀርላችኋል።