ኮሎኝ፦ አንዲት ከተማ፣ ብዙ ስም

በምዕራብ ጀርመን፣ በራይን ወንዝ ግራና ቀኝ የተንጣለለችውን ትልቅ ከተማ እኛ ኮሎኝ እንላታለን። ጀርመኖች ኮልን ይሏታል፤ አናባቢው በ«ኮ» እና በ«ኬ» መካከል የሚወድቅ ስለሆነ በፊደላችን በትክክል አይጻፍም። የከተማዋ ተወላጆች በአካባቢያቸው ዘዬ ኮለ፣ ጎረቤቶቻቸው ደቾች ኮለን፣ ፈረንሳዮች ኮሎኝ፣ ጣሊያኖችና ስፔኖች ኮሎኒያ ይሏታል። ቼኮች በአገራቸው ኮሊን የምትባል ሌላ ከተማ ስላለቻቸው የጀርመኗን «በራይን ላይ ያለችው ኮሊን» ብለው ይለዩአታል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ትክክለኛው አንዱ ነው፤ የቀረው የአፍ ስህተት ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እያንዳንዱ ስም አንድ ሕዝብ ከተማዋን በየትኛው ዘመንና በማን በኩል እንዳወቃት ይመሰክራል፤ ስለዚህም ሊታረም ሳይሆን ሊጠበቅ ይገባዋል።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ኮልን የሚለው ስም ራሱ ከጀርመንኛ አለመመንጨቱ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ ኡቢ የተባለውን ነገድ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ አሰፈሩት። በዚያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ15 የጦር መሪው የጀርማኒኩስ ልጅ አግሪፒና ተወለደች። አግሪፒና የንጉሠ ነገሥቱ የክላውዲየስ ሚስት ከሆነች በኋላ፣ በ50 የትውልድ ስፍራዋ ሙሉ መብት ያላት የሮማ ከተማ ሆነችና ኮሎኒያ ክላውዲያ አራ አግሪፒነንሲየም ተባለች። ኮሎኒያ የከተማዋን ማዕረግ፣ ክላውዲያ ንጉሠ ነገሥቱን፣ አራ በስፍራው የነበረውን መሠዊያ፣ የመጨረሻው ቃል አግሪፒናን ያስታውሳል። ረጅሙ ስም በሕዝብ አፍ እየተሸራረፈ ሲሄድ የንግሥቲቱም የባሏም ስም ጠፋ። የቀረው ኮሎኒያ ብቻ ነው፤ እሱም በሮማ ግዛት ሌሎች ብዙ ከተሞች የሚጋሩት ማዕረግ ነበር። ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ ቃል በቋንቋቸው ሕግ አሳጥረው ኮልን አደረጉት። ጣሊያኖችና ስፔኖች በአንጻሩ ከላቲኑ ብዙም አልራቁም። በድምፅ ቅርበት ከተመዘነ፣ ከጥንታዊው ስም ይበልጥ የራቀው የባለቤቶቹ አጠራር ነው።

ስሙን ከከተማዋ አጥር አልፎ በዓለም ያዳረሰው ደግሞ ሽቶ ነው። በ1709 በተመሠረተው የፋሪና ቤት ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና ለቀመመው ሽቶ የከተማዋን ስም ሰጠው። ስያሜው ግን በጀርመንኛ ሳይሆን የዘመኑ የቤተ መንግሥትና የንግድ ቋንቋ በነበረው በፈረንሳይኛ ሆነና ኦ ደ ኮሎኝ፣ ማለትም «የኮሎኝ ውሃ» ተባለ። ቱርኮች ዛሬ ሽቶውን ኮሎንያ፣ ከተማዋን ግን ኮልን ይላሉ። ሽቶው በኦቶማን ዘመን ከነስሙ ደርሷቸዋል፤ ከተማዋን በብዛት ያወቋት ግን ከ1961ዱ የሠራተኞች ስምምነት በኋላ ሄደው ሲኖሩባት ነው። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ስም፣ ሁለት ዘመን ማለት ነው። የእኛም አጠራር እንዲሁ መንገዱን ይናገራል። በመጨረሻው ላይ ያለችው «ኝ» በጀርመንኛውም በእንግሊዝኛውም አትሰማም፤ የፈረንሳይኛ ድምፅ ናት። ዘመናዊ ትምህርትና የጅቡቲ ባቡር ፈረንሳይኛን ወደ አገራችን ባስገቡበት ዘመን የአውሮፓ ስሞች በዚያ ቋንቋ በኩል መድረሳቸው አያስገርምም። ኋላም በ1965 የአማርኛ ሥርጭት የጀመረው ዶይቸ ቬለ ወደ ቦን እስከተዛወረበት እስከ 2003 ድረስ መቀመጫው እዚያው ኮሎኝ ነበር።

«ሰውንም ከተማንም ባለቤቱ በሚጠራበት ስም መጥራት የአክብሮት ወጉ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሊዮፖልድቪል በ1966 ኪንሻሳ፣ ሳልዝበሪ በ1982 ሃራሬ ሲባሉ ዓለም ተከትሎ ማረሙ ተገቢ ነበር። እነዚያ ስሞች ግን በገዢ ኃይል የተጫኑ ነበሩ። ደቹ ወይም አማርኛ ተናጋሪው ለኮልን የሚጠቀምበት ስም በከተማዋ ላይ አልተጫነም፤ ማንንም አያዋርድም። ባለቤቶቹም ቢሆኑ አንድ ቋሚ ስም የላቸውም፤ ዘዬያቸው ከመደበኛው ይለያል፤ ከ1919 በፊትም ስሙ በይፋ የሚጻፍበት መነሻ ፊደል ሌላ ነበር። ሌላው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፤ ብዙ ስም በካርታና በጉዞ ሰነድ ላይ ግራ ያጋባል። የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤም በ1972 በዓለም አቀፍ አጠቃቀም የውጭ ስሞች እንዲቀነሱ መክሯል። ለአውሮፕላን ትኬትና ለካርታ ይህ ትክክል ነው። በየቋንቋው ንግግርና ጽሑፍ ውስጥ ግን ሌላ ሕግ ይሠራል። ግብፃውያን አገራቸውን ምስር፣ ግሪኮች ኤላዳ ይላሉ፤ እኛ ግብፅና ግሪክ ስንል ማንም እንደ ንቀት አይቆጥረውም፤ የቆየ ትውውቅ ምልክት ነውና።

ስለዚህ መለያው ግልጽ ነው። አንድን ስም ከመጣላችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን ከባለቤቱ አጠራር ምን ያህል ራቀ ብለን ሳይሆን፣ በጉልበት መጣ ወይስ በትውውቅ ብለን ነው። በጉልበት የመጣው ይሻር። በንግድ፣ በትምህርትና በጉርብትና የመጣው ግን የቋንቋው ቅርስ ነውና፣ በትኬቱ ላይ የጀርመኖቹ አጻጻፍ ቢሰፍርም በአማርኛ ጽሑፋችን ኮሎኝ ማለታችንን እንቀጥል።