ፍሳሹ ቃሊቲ ሲደርስ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ጀምራ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ለፍሳሽ መስመር ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ አይገኝም፤ ከመጸዳጃና ከማዕድ ቤት የወጣው ውሃ አብዛኛውን መንገድ ያለ ፓምፕ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል።

እዚያ መጀመሪያ የሚያገኘው የብረት ፍርግርግ ነው። ፌስታል፣ ዳይፐርና ቡትቶ ጨርቅ እዚህ ይቀራሉ። ቀጥሎ ውሃው ረጋ እንዲል ይደረግና አሸዋው ከታች ይዘቅጣል። እስካሁን ያለው ተራ ጽዳት ነው፤ ዋናው ቆሻሻ ዓይን የማያየው፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ነው።

ይህ የሟሟ ቆሻሻ እንዳለ ወንዝ ውስጥ ቢገባ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ችግሩ፣ እየበሉ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ያልቃል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይከረፋል። ማጣሪያ ጣቢያ ይህንኑ ግብዣ ወንዝ ሳይደርስ፣ በገንዳ ውስጥ ያስጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1914 አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛዊ ኬሚስቶች በማንችስተር ይፋ ያደረጉት ግኝት የዘርፉ መሠረት ነው። ፍሳሹን አየር እየነፉበት ለማጥራት አምስት ሳምንት ያህል ፈጅቶባቸው ነበር። ከታች የቀረውን ዝቃጭ ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ እየጨመሩበት ሲሄዱ ግን ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ጀመረ። ዝቃጩ ለካ በባክቴሪያ የተሞላ ነበር።

ቃሊቲ ላይ የተመረጠው መንገድ ከዚህ ይለያል። ፍሳሹ ከገንዳው ሥር ገብቶ ወፍራም የዝቃጭ ንጣፍ እየሰነጠቀ ወደ ላይ ይወጣል። ንጣፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ናቸው፤ አየር መንፋት ስለማያስፈልግ የመብራት ወጪው ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ሜቴን ይሰጣሉ። የከተማዋ ብርድ ግን አይስማማቸውም፤ ሥራቸው የሚፈጥነው በሙቀት ነው። የተረፋቸውን ቆሻሻ፣ አተላ መሰል ሽፋን ባበጀ ማጣሪያ ላይ እንዲንጠባጠብ ተደርጎ ኦክስጅን ወዳድ ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። ድሮ በኩሬዎች ብቻ ሲሠራ አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ የነበረው ጣቢያ፣ አሁን የተገነባው ለ100,000 ሜትር ኩብ ታቅዶ ነው።

የተጣራው ውሃ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ውስጥ ገብቶ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር በመስኖ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ከተማዋ ገበያ ላይ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ የፍሳሽ ጉዳይ የገበታ ጉዳይ ነው። በወንዙ ውሃ የሚያጠጣውን ገበሬ መውቀስ አይገባም፤ በበጋ ሌላ ውሃ ከየት ያመጣል? በደንብ የተጣራ ፍሳሽ ግን ለእርሻ ይሆናል፤ እስራኤል ሻፍዳን በተባለው ጣቢያ የቴል አቪቭ አካባቢን ፍሳሽ አጣርታ በአሸዋ ውስጥ ካሰረገች በኋላ መልሳ ቀድታ ወደ ኔጌቭ እርሻዎች ትልከዋለች።

ባክቴሪያዎቹ የማይችሉትም አለ። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮም አይበሉትም፤ ሲበዛ እንዲያውም እነሱኑ ይመርዛቸዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በግቢው ቀድሞ ማጣራት አለበት። ከመኖሪያ ቤት ደግሞ የማይጠረጠረው ጠላት ንጹሕ የዝናብ ውሃ ነው። የጣሪያ አሸንዳ ከፍሳሽ መስመር ጋር ሲገናኝ፣ የሐምሌ ዶፍ ጣቢያው ከሚችለው በላይ ይሆንና ለወራት የተራባውን ዝቃጭ ከገንዳው ጠርጎ ይወስደዋል። ባክቴሪያዎቹ እንደገና እስኪበዙ ድረስ ወንዙ የሚያገኘው በግማሽ የተጣራ ፍሳሽ ነው።